ድምፁን የማያነሣው ሰውዬ፦ የሚሲሲፒ ጆን ኸርት «ቱደይ!» ሸክላ

ይህን ሸክላ የገዛሁት ሳላስበው ነው። ያገለገሉ ሸክላዎች የሚሸጥበት አንድ ሱቅ የገባሁት ታዋቂውን የብሉዝ ጊታር ተጫዋች ቢ.ቢ. ኪንግን ፍለጋ ነበር። ከእሱ ውጪ ስለ ብሉዝ፣ ስለዚያ የጥቁር አሜሪካውያን የድሮ ዘፈን፣ የማውቀው ነገር ብዙም አልነበረም። ሻጩ ልጅ ቀና ብሎ አየኝና «ጮክ ያለ ነው ዝም ያለ የምትፈልገው?» አለኝ። ሙዚቃ ልገዛ ገብቼ እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። ቀኑ ደክሞኝ ስለነበር «ዝም ያለ» አልኩት። ባርኔጣ ያደረገ ጥቁር ሽማግሌ ፎቶ ያለበት ሸክላ መዞ ሰጠኝ። 26 ዶላር ከፍዬ ወጣሁ።

አሁን አራት ወር ሆነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ቡና ሲፈላ ከእሱ ሌላ ነገር መክፈት ትቻለሁ። ጀበናው ሸክላ፣ ዘፈኑ ሸክላ፣ ተስማምተዋል። እስካሁን ስለ አንድ ሸክላ ቁጭ ብዬ ጽፌ አላውቅም፣ ግን ስለዚህኛው ካልጻፍኩ ስለምንም አልጽፍም።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው ልንገራችሁ። «ቱደይ!» ይባላል፣ «ዛሬ!» እንደማለት ነው። የተቀዳው በ1964 ሲሆን ቫንጋርድ የተባለው አሳታሚ በ1966 አወጣው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ)። 12 ዘፈን አለው። ባንድ የለም፣ ከበሮ የለም፣ አጃቢ ድምፅ የለም። አንድ ሰውዬ፣ አንድ ጊታር፣ በቃ። ያ ሰውዬ ሲቀዳ ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ሠላሳ አምስት ዓመት ደግሞ ከሰፈሩ ሰው በቀር ማንም አያውቀውም ነበር። «ዛሬ» የሚለው ስም ለምን እንደገባው የገባኝ ታሪኩን ካነበብኩ በኋላ ነው።

ሙሉ ስሙ ጆን ስሚዝ ኸርት ነው። የተወለደው በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ ሚሲሲፒ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ውስጥ ካሮል ካውንቲ በሚባል አካባቢ ነው። ያደገው አቫሎን በምትባል መንደር ነው። መንደር ስላችሁ ትንሽ ሱቅ፣ እዚህም እዚያም ጥቂት ቤቶች፣ ከዚያ ጥጥ ብቻ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው እናቱ በአንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ጊታር ገዛችለት። አስተማሪ አልነበረውም፤ ራሱን በራሱ አስተማረ። የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። አጠገቡ «እንዲህ አይደለም» የሚለው ሰው ስላልነበረ፣ የማንንም የማይመስል አጨዋወት ይዞ አደገ። ቀን ማሳ ላይ ይውላል፣ ማታ በሰፈሩ ጭፈራ ላይ ይጫወታል። ሥራው የእኩል አራሽነት ነው። የእኩል አራሽ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ መሬቱ የሌላ፣ ወገቡ የራስ።

በ1928 አንድ ነገር ተፈጠረ። በሰፈሩ ዊሊ ናርሙር የሚባል ነጭ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር፤ አንዳንዴ ኸርት ጊታር ያጅበው ነበር። ያ ዘመን ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁርና ነጭ በአንድ በር የማይገቡበት ዘመን መሆኑን አትርሱ። ናርሙር ውድድር አሸነፈና ኦኬ ከሚባለው የሸክላ ኩባንያ ጋር ለመቅዳት ዕድል አገኘ። የኩባንያው ሰው ሌላ ጥሩ የሚጫወት ታውቃለህ ወይ ሲለው ኸርትን ጠቆመ። ኸርት በፌብሩዋሪ ሜምፊስ ሄዶ ስምንት ዘፈን ቀዳ። ማይክሮፎኑን አፉ ድረስ አስጠግተው እንዳትነቃነቅ ብለውት፣ በትልቅ ባዶ አዳራሽ ውስጥ አንገቱን እንደ እንጨት አድርጎ ዘፈነ። በኋላ ሲያወራው አንገቱ ለቀናት እንዳመመው ይናገራል። ከስምንቱ የወጣው ሁለት ብቻ ነው። በዲሴምበር ደግሞ ኒውዮርክ ጠሩት። «ሚሲሲፒ» የሚለውንም ከስሙ ፊት የለጠፈው ኩባንያው ነው፤ እንዲሸጥላቸው።

ኒውዮርክ ላይ ሰውዬው አገሩ ናፈቀው። እስቲ አስቡት፤ ከዚያች መንደር ወጥቶ፣ በክረምት፣ ማንንም የማያውቅበት ከተማ ውስጥ። ስለ አቫሎን አንድ ዘፈን አወጣና እዚያው ቀዳው። ትውልድ መንደሬ አቫሎን ናት፣ ሁልጊዜ ከሐሳቤ አትጠፋም የሚል ነገር ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሸክላዎቹ ብዙም አልተሸጡም። ቀጥሎ ያ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት መጣ። ስልክ የለም፣ ደብዳቤ የለም፣ ጠሪ የለም። ኸርት ወደ ማሳው ተመለሰ። አልተማረረም፣ ከተማ ወጥቶ ዕድሉን አላሳደደም። ጥጡን ለቀመ፣ ከብቱን ጠበቀ፣ ልጅ አሳደገ። ሠላሳ አምስት ዓመት።

እሱ ሳያውቅ ግን ሸክላዎቹ በሰው እጅ ይዞሩ ነበር። በ1952 ሃሪ ስሚዝ የሚባል ሰው የድሮ የአሜሪካ ሙዚቃ አሰባስቦ ሲያሳትም ሁለት የኸርት ዘፈኖች አስገባበት። የሰሙት ወጣቶች አበዱ። ይሄ ሰው ማነው? ሞቷል አለ? አብዛኛው ሰው ሞቷል ብሎ ነበር። በኋላ ዋሽንግተን አካባቢ የነበሩ የድሮ ሸክላ ሰብሳቢዎች ያችን የአቫሎን ዘፈን አገኙ። መንደሩን ስሟን ጠርቶ ነግሯቸዋል! በአዲስ ካርታ ላይ አቫሎን የምትባል ነገር የለችም። አሮጌ አትላስ ሲያገላብጡ ግሪንውድና ግሬናዳ በሚባሉ ከተሞች መካከል ብቅ አለች። ቶም ሆስኪንስ የሚባለው በ1963 መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ደርሶ ቢጠይቅ ቤቱን ወዲያው አሳዩት፤ ሰውዬው የትም አልሄደም። በናፍቆት የተዘፈነችው መስመር ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ አድራሻ ሆና ተገኘች።

ኸርት ግን አልተደሰተም፣ ደነገጠ። ነጭ ሰው ከሰሜን መጥቶ ስሙን ጠርቶ ሲጠይቀው የኤፍ.ቢ.አይ. ሰው መሰለው። 1963 ሚሲሲፒ ነው፤ በዚያው ዓመት ጁን ላይ የመብት ታጋዩ ሜድጋር ኤቨርስ ጃክሰን ከተማ ውስጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተገድሏል። ቢደነግጥ አይፈረድበትም። በዚያን ጊዜ የራሱ ጊታር እንኳ አልነበረውም። በእንግዳው ጊታር ሲጫወት ግን እጁ አልረሳም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ዓመት ተኩል ብቻ ነው። በዚያው በጋ ኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል ላይ ወጣ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ቀዳው። ሚስቱን ይዞ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ መጣ። እዚህ ጋ ለዲሲ ሰዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኸርት በቋሚነት ይጫወትበት የነበረው ኦንታሪዮ ፕሌስ የሚባል ቡና መጠጫ የነበረው አዳምስ ሞርጋን በሚባለው የዲሲ ሰፈር ነው። (ቡና ቤት ያላልኩት ቢራ ቤት እንዳይመስላችሁ ነው።) አዎ፣ ያው የእኛው አዳምስ ሞርጋን። እኛ ሐበሾች ከመምጣታችን፣ 18ኛው መንገድ ላይ የእንጀራ ሽታ ከመሽተቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ ይሄ ሽማግሌ እዚያው አካባቢ ባርኔጣውን አድርጎ ቁጭ ብሎ ይዘፍን ነበር። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ መኪና ማቆሚያ ስፈልግ ትዝ አለኝና ሬዲዮኑን ዘጋሁት። ማቆሚያውን ግን አላገኘሁም።

በኖቬምበር 2 ቀን 1966 ግሬናዳ ውስጥ ሞተ። ከሞተ በኋላ በቅጂዎቹ ጉዳይ የነበረው ውል ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ጭቅጭቅ አስነሥቷል። ያንን ዝርዝር አልገባበትም፣ ያናድደኛል።

ወደ ሸክላው እንመለስ።

የመጀመሪያው ቀን ስከፍተው እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። ሁለት ዘፈን ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ «ይሄ ሰውዬ ለማን ነው የሚያወራው?» አለችኝ።

«ለማንም አይደለም እማዬ፣ ዘፈን እኮ ነው።»

«ዘፈንማ እንዲህ አይደለም። ይሄ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ነው የሚያወራው።» ትንሽ ቆየችና «ሁለተኛው ክራር መቺ ማነው?» አለች።

ሁለተኛ ሰው የለም ብላት አላመነችኝም። እውነት ለመናገር እኔም መጀመሪያ ሁለት ጊታር መስሎኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ኸርት በአውራ ጣቱ ወፍራሞቹን ክሮች ወዲያና ወዲህ እያለ ይመታል፤ ያ አውራ ጣት እንደ ሰዓት አይቆምም፣ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። በሁለት ጣቶች ደግሞ ዜማውን በቀጭኖቹ ክሮች ላይ ይጫወታል። ከበሮውም ክራሩም በአንድ እጅ ማለት ነው። እናቴ ክራር ያለችው አለምክንያት አይደለም። ክራር በግርፍ ሳይሆን በድርድር ሲጫወቱት፣ ጣት በጣት፣ ያ ዓይነት እርጋታ አለው። የካሣ ተሰማን ክራር የሰማ ሰው ምን እያልኩ እንደሆነ ይገባዋል። አንዱ ከሌላው ተማረ እያልኩ አይደለም፣ በጭራሽ። ግን ብቻውን ለራሱ የሚጫወት ሰው የትም አገር ያስታውቃል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። ፈረንጆች ትዝታን «የኢትዮጵያ ብሉዝ» ሲሉት እሰማለሁ፣ እኛም ተቀብለን እንደግመዋለን። እኔ ብዙም አይዋጥልኝም። ትዝታ ቅኝት ነው፣ የራሱ መንገድ አለው። ደግሞ ብሉዝ ሁሉ ለቅሶ ነው ብለን ነው ሁለቱን የምናገናኘው። ይህን ሸክላ ብትሰሙ ያ ሐሳብ ይፈርሳል። ኸርት አያለቅስም። ሲዘፍን ፊቱ ላይ ፈገግታ እንዳለ በድምፁ ታውቃላችሁ። ካዘነም ያዘነ ሰው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ነው የሚመስለው።

«ሉዊስ ኮሊንስ» የሚለውን ስሙ። ሰው በጥይት የሞተበት ዘፈን ነው። እናቱ ታለቅሳለች፣ መላእክት ወስደው አስተኙት ይላል። ዜማው ግን እንቅልፍ የሚያስወስድ እሽሩሩ ነው! መጀመሪያ ቃሉን ሳልከታተል ለልጅ የሚዘፈን መስሎኝ ነበር። ቃሉ ሲገባኝ ቡናው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ሙሾ እያወረዱ ሳይሆን እያባበሉ ለሞተ ሰው መዝፈን ምን ዓይነት ልብ ይጠይቃል?

ሌላው «ስፓይክ ድራይቨርስ ብሉዝ» ነው። አሜሪካኖች ጆን ሄንሪ የሚባል ጀግና አላቸው፤ ባቡር ሐዲድ ሲሠራ በመዶሻው ከማሽን ጋር ተወዳድሮ አሸንፎ የሞተ። ሁሉም ጀግንነቱን ይዘፍናል። ኸርት ግን የሚዘፍነው ከጎኑ ስላለው ሠራተኛ ነው። ይህ መዶሻ ጆን ሄንሪን ገድሏል፣ እኔን አይገድለኝም፤ ውሰዱና ለአለቃዬ ስጡልኝ፣ ሄዷል በሉት ይላል። ጥሎ ሄደ! እኔ በሥራዬ የማስበውን ነገር ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ ሠራተኛ አስቦት ኖሯል። ይህን ዘፈን ሰኞ ጠዋት አትስሙት፣ ምክሬ ነው።

«ቶኪንግ ኬሲ» ላይ ጊታሩ ባቡር ይሆናል። ፊሽካው፣ ደወሉ፣ ጎማው ሁሉ በጊታር ይነገራል። የእህቴ ልጅ የምትወደው ይሄንን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቡናው። ሸክላው ላይ «ኮፊ ብሉዝ» የሚል ዘፈን አለ። መጀመሪያ ላይ በወሬ ይጀምራል። ማክስዌል ሃውስ የሚባለውን ቡና እወዳለሁ፣ የእሱ አንድ ማንኪያ የሌላውን ሁለትና ሦስት ስኒ ያህል ይሠራልኛል ይላል። እኛ ቤት ይህ ሲነገር ሳቅ ነው። እናቴ ስተረጉምላት «የቆርቆሮ ቡና?» ብላ በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች። እውነተኛ ቡና ሳይጠጣ መሞቱ ነው ያሳዘናት። ዘፈኑ ግን ስለ ቡና አይደለም። ያ ማንኪያ ማንኪያ አይደለም። ስለ ሴት ነው፣ ስለ ፍቅር ነው፣ ከዚያም አለፍ ያለ ነው። «ካንዲ ማን» የሚለውም እንደዚሁ፤ ስለ ከረሜላ ሻጭ ይመስላል፣ ከረሜላው ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ ነው የእኛ ጆሮ የሚጠቅመው። ሰምና ወርቅ ላይ ያደገ ሰው ሁለተኛው ጊዜ ሲሰማ ይይዘዋል። እኔ ለእናቴ ሰሙን ብቻ ነው የተረጎምኩት። እሷ ግን አንድ ቀን ስኒ እያጠበች «ስለ ቡና አይደለም አይደል?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ሳቀች። በነገራችን ላይ በ1960ዎቹ ታዋቂ የነበረው ላቪን ስፑንፉል የሚባለው የኒውዮርክ ባንድ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ዘፈን ነው።

ጉድለቱስ? አለው። አንደኛ፣ ኃይለኛ ጊታር፣ ላብ የሚያስወጣ ነገር የሚፈልግ ሰው ይሰለቸዋል። ዘፈኖቹ ፍጥነታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሳይጠነቀቁ ከሰሟቸው አንዱ ከሌላው ይቀላቀላል። ቤት እየጠረጋችሁ የምትሰሙት አይደለም፣ የቫኪዩሙ ድምፅ ይውጠዋል። ሁለተኛ፣ እኔ የገዛሁት ሸክላ ትንሽ ተጣሞ ነበር፣ መርፌው የመጨረሻዎቹ ዘፈኖች ላይ ይዘላል። ልመልስ ብል ሱቁ «ያገለገለ አይመለስም» አለኝ። ከመክፈላችሁ በፊት ከፖስታው አውጥታችሁ ብርሃን ላይ በአግድም እዩት። እኔ ከሁለት የመዝገበ ቃላት ጥራዞች ሥር ሁለት ሳምንት አስቀምጬው ትንሽ ተሻሽሏል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልዳነም።

በወጣትነቱ እንዴት ነበር ለምትሉ የ1928ቱ ቅጂዎች 13 ዘፈን ሆነው ተሰብስበው ወጥተዋል። ከተቀዱት 20 ገደማ ዘፈኖች የተረፉት እነሱ ናቸው። እጁ እዚያ ይፈጥናል፣ ድምፁ ይጠራል፤ ግን እንደ ጤፍ ቆሎ የሚንጣጣ የድሮ ሸክላ ድምፅ መታገሥ አለባችሁ። በ1966 የተቀዳውና በ1972 የወጣው የመጨረሻ ቅጂውም አለ፤ እዚያ ላይ ደክሞታል፣ ያስታውቃል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥሎ የ1928ቱን፣ ሦስተኛውን በጣም ከወደዳችሁት ብቻ። «ቱደይ!»ን የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2009 ለዘለዓለም ከሚጠበቁ የድምፅ ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል፤ እኔ ግን ይህን ሳላውቅ ነው የወደድኩት፣ ስለዚህ ምስክርነቴ ንጹሕ ነው።

አቫሎን ሄጄ የድሮ ቤቱን የማየት ሐሳብ ነበረኝ። የልጅ ልጁ ሙዚየም አድርጋው ነበር። ስፈልግ በፌብሩዋሪ 2024 ተቃጥሎ መውደሙን አነበብኩ። ሰውዬው የትም ሳይሄድ ሠላሳ አምስት ዓመት ጠብቆ፣ እኔ በጥቂት ወራት አመለጠኝ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁ ለሙዚቃው ከአምስት አምስት፣ ለእኔ ሸክላ ሦስት። ገንዘብ ማውጣት የማትፈልጉ በስልካችሁም ታገኙታላችሁ፣ ግን በስልክ ድምፅ ማጉያ ያ አውራ ጣት አይሰማም፤ ቢያንስ ጆሮ ላይ የሚደረግ ነገር ፈልጉ። ሸክላ ማጫወቻ ካላችሁ ደግሞ ልኩ ይኸውላችሁ፦ የመጀመሪያው ገጽ ለአቦል ይበቃል፣ ሁለተኛው ለቶና። በረካ ሲቀዳ እኛ ቤት እናቴ ስኒውን እያቀበለችኝ «ሰውዬውን ከመጀመሪያው መልሰው» ትላለች።